የዜግነት ትምህርት፦ ምን ይመዘናል? ምንስ አይመዘንም?

ሰው ብቻውን እንዲኖር አልተፈጠረም። ከቤተ ሰቡ ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱም ወደ አገሩ የሚዘረጋ የኑሮ ትስስር አለው። በዚህ ትስስር ውስጥ መብቱን ዐውቆ ግዴታውን በፈቃዱ የሚፈጽም፣ የሌላውንም መብት እንደ ራሱ መብት የሚያከብር ሰው መልካም ዜጋ ይባላል። የዜግነት ትምህርት ዓላማ ወጣቶችን ለዚህ ማብቃት ነው። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሰነድ፣ የዜግነት ሕንጸት ለሕዝብ ሁሉ፣ ይልቁንም ለወጣቶች አስፈላጊ መሆኑን አስገንዝቧል። እንግዲህ ጉዳዩ የትምህርት ቤት መምህራን ብቻ ሳይሆን የወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ጉዳይ ነው።

1. ትምህርቱ በአገራችን ያለፈበት መንገድ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተማሪዎች «ግብረ ገብ» በሚባለው ትምህርት ስለ መልካም ጠባይና ስለ አገር ፍቅር ይማሩ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በማርክስና በሌኒን ርእዮተ ዓለም ላይ የቆመ የፖለቲካ ትምህርት መጣ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ይኸው ቀርቶ የሥነ ዜጋ፣ ቆየት ብሎም የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተተካ። የሁለተኛ ደረጃው መጽሐፍ በ11 እሴቶች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ እነርሱም የዴሞክራሲ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ ማኅበራዊ ተሳትፎና ዕውቀትን መሻት ናቸው። በቅርቡ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል «የዜግነት ትምህርት» የተሰኘ መጽሐፍ ተዘጋጅቷል።

ስሙና ይዘቱ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የተለወጠ ትምህርት በተማሪው ዘንድ ቢጠረጠር አያስደንቅም። ተማሪው «የሚፈለግብኝ መልስ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ እውነትን ሳይሆን የፈታኙን ፍላጎት መፈለግ ጀምሯል ማለት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በማስተማሩ ብቻ ሳይሆን በምዘናውም ሊጠበቅ ይገባል።

2. ሦስቱ ክፍሎች

መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዝነው ምን እንደ ሆነ ይለይ። የመጀመሪያው ዕውቀት ነው፤ ይኸውም ሕጎችን፣ ተቋማትንና ታሪክን ማወቅ ነው። ሁለተኛው ችሎታ ነው፤ ይህም ማስረጃን መመርመርን፣ የሌላውን ሐሳብ አዳምጦ መከራከርንና ከሌሎች ጋር መሥራትን ይመለከታል። ሦስተኛው ዝንባሌ ነው፤ ሐቀኝነት፣ የአገር ፍቅርና ለሌላው መቆርቆር በዚህ ይጠቃለላሉ። ሦስቱ በአንድ ዓይነት ሚዛን አይመዘኑም። ስለ ሐቀኝነት በተሰጠ ፈተና ከጎኑ ካለው ወረቀት ገልብጦ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ተማሪ፣ ትርጉሙን ያውቅ ይሆናል፤ ሐቀኝነቱን ግን ፈተናው አልነካውም።

3. ከማስታወስ ወደ ማመዛዘን

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከተያዘበት ስፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው ጊዜ ግን አይቆጠርም። መምህሩ «በስንት ሰዓት?» ብሎ ቢጠይቅ ተማሪው «48» ብሎ ይመልሳል፤ በዚያው ይረሳዋል። ጥያቄው እንዲህ ቢቀርብ ግን ሌላ ይሆናል፦ «አንድ ወጣት ዐርብ ከምሽቱ በ2 ሰዓት ተይዞ እስከ ማክሰኞ ጧት ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቆየ። ፍርድ ቤቱ የሚገኘው በዚያው ከተማ ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስሁም ይላል። ቤተ ሰቡ ምን ሊያደርግ ይገባዋል?»

ለዚህ 20 ነጥብ ቢመደብ፣ ለአራት ነገሮች አምስት አምስት ነጥብ ሊከፈል ይችላል፦

ሀ. የነገሩን ሁኔታ በትክክል መረዳት፤
ለ. ጉዳዩን የሚመለከተውን ድንጋጌ ማግኘት፤
ሐ. የተቃራኒውን ወገን ምክንያት ሳያዛቡ ማቅረብ፤
መ. ሰላማዊና ሊፈጸም የሚችል መፍትሔ ማመልከት።

ተማሪዎች ይህን አከፋፈል ከፈተናው በፊት ሊያውቁት ይገባል። ሚዛኑን የሚያውቅ ተማሪ የመምህሩን ስሜት ለመገመት አይደክምም።

4. በሥራ የሚታይ ትምህርት

ዜግነት በመቀመጫ ላይ ብቻ አይለመድም። የክፍል አለቃን በድምፅ መምረጥ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የውኃ ችግር መረጃ ሰብስቦ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ መጻፍ ጥሩ ልምምዶች ናቸው። እዚህ ላይ ግን ሁለት ስሕተቶች ይታያሉ። አንደኛው፣ ሥራውን ሁለት ተማሪዎች ሠርተውት ነጥቡን ሁሉም መካፈላቸው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የሠራውንና የተማረውን በግሉ እንዲጽፍ ይደረግ። ሁለተኛው፣ በውጤቱ ብቻ መፍረድ ነው። አስተዳደሩ ውኃውን ባያስገባም ተማሪዎቹ በሚገባ ሠርተው ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አገር ልምድ ይጠቅማል። በርናርድ ክሪክ የመሩት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበውን ሪፖርት ተከትሎ፣ ትምህርቱ በ2002 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሆነ። በ2016 መሰጠት በጀመረው መርሐ ትምህርት ደግሞ ፈተናው ሁሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ ከመቶ 15 እጅ የሚሆነው ተማሪው ራሱ ስለ ፈጸመው ማኅበራዊ ተግባር እንዲጠየቅ ተደረገ። ይህ አሠራር ተግባሩንና በተግባሩ ላይ ማሰብን ያገናኛል፤ ነገር ግን ስለ ሠሩት መጻፍና መሥራት አንድ አለመሆናቸው እዚያም አከራካሪ ነው።

5. ሕሊና በነጥብ አይለካም

ከሁሉ የሚያስፈራው ዝንባሌን በቁጥር መለካት ነው። አንድ ተማሪ የአገሩን ጉድለት በማስረጃ ቢናገር፣ መምህሩ «አገር ወዳድነት የለውም» ብሎ ነጥብ ሊቀንስበት ይችላልን? ይህ ከሆነ ልጁ የሚማረው ነገር ቢኖር ዝም ማለትን ወይም መምሰልን ነው። መምሰልን ተምሮ ያደገ ሰው ደግሞ ለአገርም ለቤቱም አይታመንም። ስለዚህ መምህሩ ተማሪው የደረሰበትን አቋም ሳይሆን ያቀረበውን ምክንያት ይመዝን። ጠባዩን ግን በነጥብ ሳይሆን በምክር፣ ለወላጅ በሚሰጥ ቅን አስተያየትና፣ ከሁሉ በላይ፣ በራሱ ምሳሌነት ያርም። ፈተና ሲያርም የማያዳላ፣ ሲሳሳት «አርመኸኛል» የሚል መምህር ፍትሕን ያለ መጽሐፍ ያስተምራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ልጆቻችን በቤት ውስጥ ሐሳባቸውን ያለ ፍርሃት መናገር ይችላሉን?
2. ልጃችን ፈተና ወስዶ ሲመለስ የምንጠይቀው ያገኘውን ነጥብ ነው ወይስ የተረዳውን ነገር?
3. በቁምስናችን ወጣቶች ኃላፊነትን በተግባር የሚለማመዱበት ምን ሥራ አለ? የሠሩትንስ ከማን ጋር ተቀምጠው ይገመግማሉ?