«የት ልሙላ?» ― ለከፍተኛ ትምህርት አካባቢ ስለ መምረጥ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የወረዳ ከተሞች አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል። ልጁ «የት ልሙላ?» ይላል። እናት «እዚሁ ቅርብ» ትላለች፤ አባት «አዲስ አበባ» ይላል፤ ጓደኛ ደግሞ «እኔ የሞላሁበት ሙላ» ብሎ ያርፋል። በመጨረሻ ጥያቄው መምህር ዘንድ ይደርሳል። እኛ እጩ መምህራን ነገ በማቻከልም ይሁን በእነብሴ ሳር ምድር ስንመደብ፣ ምንም እንኳ የምናስተምረው አንደኛ ደረጃ ቢሆን፣ የሰፈሩ ሰው «መምህር፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ» ብሎ የልጁን ስልክ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ስለሆነም ነገሩን አስቀድመን በመኝታ ክፍላችንና በጥናት ጓዳችን ተከራክረንበታል። ከክርክሩ የተረፈውን እነሆ።

በመጀመሪያ የነገሩን ክብደት እንመልከት። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዙር 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። እንግዲህ ከመቶ ልጆች ጥቂቶች ብቻ በሚያልፉበት ጊዜ፣ ያለፈችው አንዲት የገበሬ ልጅ የምርጫ ቅደም ተከተሏን በግምት ብትሞላ ጉዳቱ የእርሷ ብቻ አይሆንም። ቀዬው ሁሉ የጠበቀው እርሷን ነው።

ለትምህርት ሲባል አገር መምረጥ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ሲሄድ የሚሄድበትን አገር የሚወስንለት የሚፈልገው ትምህርት ነበር። ቅኔ የፈለገ ከየአገሩ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይመጣል። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙራምባ ይሄዳል። አቋቋም ጎንደር ነው፤ ቅዳሴ ደግሞ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ። ደብተራው እድሜውን በመንገድ ቢፈጅም «ለምን እዚህ መጣህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ መምህሩ እዚህ ስላሉ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከደብረ ማርቆስ ቅርብ ከሆነችው ከእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተነሥተው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ከተማሩ በኋላ ነው ለዘመናዊ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ የተሻገሩት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። የቆሎ ተማሪ በገዛ መንደሩ መማርን አይወድም ነበር። በመንደሩ ከሆነ በእርሻ ወራት «ና በሬ ጥመድ» ይባላል፤ ቁራሽ መለመኑም ዘመድ በሚያውቀው ደጅ ያሳፍራል። ርቀቱ ትምህርቱን ይጠብቅለት ነበር ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመርም ሁኔታው ብዙ አልተለወጠም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከተለ። የእርሻው ኮሌጅ በዚያው በ1940ዎቹ በጅማ ተጀምሮ ወደ ዓለማያ ተዛወረ። ባሕር ዳር ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላም የመምህራኑ ኮሌጅ ተጨመረ። በዚያ ዘመን የደብረ ማርቆስ ልጅ ጤና ካለ ጎንደር፣ እርሻ ካለ ዓለማያ፣ ቴክኒክ ካለ ባሕር ዳር ነው። «የትኛው ክፍለ ሀገር ይሻላል?» ብሎ መከራከር ትርጉም አልነበረውም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ይህ ያልመረጡትን አገር ማወቅ ነው።

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ የሆነው ዩኒቨርሲቲዎች ከበዙ በኋላ ነው። በ1977 ዓ.ም. የዓለማያ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ከአዲስ አበባና ከአሥመራ ጋር ሦስት መሆናቸው ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ እንኳ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ወደ ሰሜን ሲኬድ እንጅባራ አለ፤ ባሕር ዳርም ሁለቱን ነባር ተቋማት አዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስለዚህ አንዱ የትምህርት ክፍል በ20 እና በ30 ቦታ ይገኛል። መምህሩ ያለበት አንድ አገር ብቻ መሆኑ ቀረና ልጁ «ሒሳብ የትም ሒሳብ ነው» ማለት ቻለ።

የትም አንድ ነውን? እዚህ ላይ ነው የእኛ ክርክር የጦፈው። ብዙ ወላጆች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ይወስዳል። የትምህርት ክፍሉን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ፣ በገባበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በዚያው ዓመት ባመጣው ውጤት ተወዳድሮ ነው። ስለሆነም ቦታ መምረጥ ማለት ወደፊት ከየትኞቹ የትምህርት ክፍሎች መካከል እንደምትመርጥ መወሰን ማለት ነው። ሕክምና የምትመኝ ልጅ ሕክምና የሌለበትን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ተራ ከሞላች፣ ቦታው ቅርብ ስለሆነ ብቻ ሕልሟን በገዛ እጇ ዘግታዋለች። አንዳንዱ ልጅ ይህንን የሚረዳው ግቢ ከገባ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራስ ገዝነት ዐዋጁ በ2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል። «አዲስ አበባ ሙላ» የሚለው የአባት ምክር በድሮው መንገድ አይሠራም ማለት ነው።

ቅርብ ይሻላል የሚሉት ጓደኞቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እያሉ ተከራከሩ። የሚያነሡት ነገር ቀላል አይደለም። የመኝታና የምግብ ወጪው በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ስለሚያዝ በየትም ቢማሩ ለጊዜው ከኪስ አይወጣም። ከኪስ የሚወጣው የመንገዱ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ ተማሪ ከቢቸናም ከአማኑኤልም በሰንበት ስንቅ ይላክለታል። ጋምቤላ የሄደ ግን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ገና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ስለዚህ በዓል አለፈ፣ ታመመ፣ ሐዘን ደረሰ ቢባል መመለሻው አይታሰብም።

ሩቁን የደገፉት በአብዛኛው ሴቶቹ ነበሩ፤ ይህ አስገርሞናል። ወላጅ ሴት ልጁን ቅርብ ማስቀመጥ እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። እነርሱ ግን «ቅርብ ከሆንን ቅዳሜ ጠላ ጥመቂ፣ እሑድ እንግዳ አለ እንባላለን» አሉ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው መካከል ሩቅ የተመደበችው በሰላም ስታነብ፣ ቅርብ የቀረችው በየሳምንቱ ስትጠራ እንደነበር ነገሩን። የቆሎ ተማሪው ምክንያት እንደገና መጣ ማለት ነው፤ አሁን ግን በሴት ልጅ አፍ። እኛ ይህንን ክርክር ከሁሉ በላይ እንይዘዋለን፤ ምክንያቱም ወላጅ «ለደኅንነቷ» ሲል የሚሰጠው ምክር አንዳንዴ ለሥራ እጅ ሲባል የሚሰጥ ሊሆን ይችላል። መምህር ሆነን ስንጠየቅ ይህን ለይተን መናገር ይኖርብናል፤ በትሕትና እርግጥ።

ስለ አየር ጠባይ በአጭሩ እናንሣ፤ የጂኦግራፊ ትምህርታችን እዚህ ላይ ይጠቅማል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ለእኛ ልጅ ወፍራም ጋቢ ከመጨመር ሌላ አታስቸግርም። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ፣ ሰመራ ደግሞ 400 ሜትር ገደማ ናቸው። ወባ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ሲሆን፣ የሚበረታውም ክረምቱ እንደወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የደጋ ልጅ ሰውነቱ ወባን አለመልመዱ ይታወቃል። ወደ ቆላ የሚሄድ ተማሪ አጎበር ይዞ ይሂድ፤ ትኩሳት ሲሰማው «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ከመተኛት በዚያው ቀን ይመርመር። ይህ ከመሄድ የሚያስቀር ምክንያት አይደለም።

ወደ ከባዱ እንምጣ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ግጭቱም ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በኅዳር ወር በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው በመመለስ ላይ የነበሩ የአማራ ክልል ተማሪዎች ታገቱ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተነሥተው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች አባይን ከተሻገሩ በኋላ በገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ይህ የእኛው መንገድ ነው። ደጀንን አልፎ አባይ በረሃ ወርዶ የሚወጣ ሁሉ ያልፍበታል።

ወላጆች ከእነዚህ ነገሮች የሚያወጡት መደምደሚያ «ከክልል አትውጣ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን በጥሞና ስንመለከተው እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ወልድያም ደባርቅም በአማራ ክልል ውስጥ ናቸው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱ በክልላችን ውስጥ ሲካሄድ፣ በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች የተመደቡ ተማሪዎች ጥሪ እየጠበቁ ወራት በቤታቸው ሲቀመጡ ሌላ ክልል የደረሳቸው ትምህርት ጀምረው ነበር። በሌላ በኩል ከላይ ካነሣናቸው አደጋዎች ሁለቱ የደረሱት ከግቢ ውጪ፣ በጉዞ ላይ ነው። ስለዚህ «የትኛው ክልል ሰላም ነው?» ከማለት «የትኛው መንገድ ክፍት ነው? ስንት ጊዜስ እመላለስበታለሁ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ሆኖ ይታየናል። ካርታ ብቻውን ያሳስታል። ነቀምት ከቡሬ በካርታ ሲታይ ቅርብ ነው፤ አባይን አቋርጦ የሚወስድ መንገድም አለ። ያ መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲቋረጥ ግን ተማሪው በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ መሄድ ይኖርበታል። የቅርቡ ሩቅ የሚሆነው እንዲህ ነው። የአውቶቡስ ረዳቶችን መጠየቅ ከብዙ ወሬ ይሻላል፤ ስለ መንገድ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ሁሉ ከተዘረዘረ በኋላ «ታዲያ ሩቅ ሄዶ ምን ይገኛል?» አሉ። ቋንቋ ይገኛል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ገበያው፣ ሻይ ቤቱና ጸጉር ቤቱ በጅማ በኦሮምኛ፣ በጅግጅጋ በሶማልኛ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ የአገሩን ቋንቋ ሳያውቅ የሚመለስ ልጅ አለ፤ ይህ በገዛ ፈቃዱ የከሰረ ነው። በእኛ ሙያ ደግሞ ነገሩ የእንጀራ ነው። በክልላችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአገውኛ፣ በኽምጣኛና በኦሮምኛም ጭምር ነው። ከመካከላችን የአዊ ልጆች አገውኛ በመቻላቸው ከሌሎቻችን የሰፋ የሥራ ቦታ እንዳላቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ በምሳ ሰልፍ ላይም ያስታውሱናል።

የመጨረሻው ነገር አነስተኛ ይመስላል፤ ብዙ ልጅ የተበላሸበት ግን እርሱ ነው። ምርጫው የሚሞላው በኢንተርኔት ስለሆነ የገጠር ልጅ ከተማ ወጥቶ ኢንተርኔት ቤት ይገባል። ሠራተኛው ወረፋ በዝቶበት «የት ላድርግልህ?» ይለዋል። ልጁም «ጥሩ የሆነውን» ይላል። አለቀ። ከ40 በላይ ስሞች ቅደም ተከተል በማያውቀው ሰው እጅ በአምስት ደቂቃ ይሞላል። ስለሆነም ልጁ ከቤቱ ሲወጣ ዝርዝሩን ከአንድ እስከ መጨረሻው በወረቀት ጽፎ ይያዝ። በየስሙ አጠገብ የሚመኘው የትምህርት ክፍል መኖር አለመኖሩን፣ መንገዱን፣ የቦታውን ከፍታ ምልክት ያድርግ። ከሞላ በኋላም ራሱ ደግሞ ያንብብና ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር። አባት አብሮ ቢሄድም የሚያነበው ልጁ ይሁን።

ለዚህ እንዲረዳ ዩኒቨርሲቲዎቹን፣ ዋና ዋና መንገዶችንና ከፍታቸውን ያስገባንበት በእጅ የተሠራ ካርታ ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ተለጥፏል። የወለጋው በኩል ገና አልተጠናቀቀም። ከዚያ አካባቢ የመጣ ወይም ዘመድ ያለው ሰልጣኝ፣ መምህራኖቻችንም ጭምር፣ የሚያውቁትን በእርሳስ እንዲጨምሩበት በትሕትና እንጠይቃለን። እርሳሱ በገመድ ታስሯል።