ለሬንጅፋይንደር ሌንሶች የሚስማማ፥ ዋጋው አነስተኛ የሆነ ካሜራ ስለ መምረጥ

መልካም ዕቃ በመልካም ዋጋ ገዝቶም መክሰር ይቻላል፤ ይኸውም ዕቃው ሊገጠምለት ከታሰበው ሌላ ዕቃ ጋር ሳይስማማ የቀረ እንደ ሆነ ነው። የካሜራና የሌንስ ንግድ ለዚህ ዓይነቱ ኪሳራ እጅግ የተጋለጠ ነው። በተለይም በእጅ ለሚስተካከሉት የሬንጅፋይንደር ሌንሶች የሚሆን ትንሽና ርካሽ ካሜራ የሚፈልግ ደንበኛ በመጣ ጊዜ፥ አስመጪውም ባለ ሱቁም አስቀድመው ማወቅ የሚገባቸው ጥቂት ልኮች አሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሬንጅፋይንደር የሚባለው ካሜራ ርቀትን የሚለካው በጎን ባለች መስኮት ውስጥ የሚታዩትን ሁለት ምስሎች በማገጣጠም ነው። በውስጡ የሚነሣና የሚወድቅ መስተዋት ስለሌለው ሌንሱ ወደ ፊልሙ ተጠግቶ ይቀመጣል። የጀርመኑ ላይካ መጀመሪያ 39 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥርስ የሚጠመዘዝ ሌንስ ነበረው፤ በ1934 በካርኮቭ መሠራት የጀመረው ፌድ፥ በ1948 የወጣውም ዞርኪ ይህንኑ ጥርስ ተከትለዋል። ላይካ በ1954 ኤም-3 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ጥርሱን ትቶ ገፋ አድርጎ በማዞር በሚቆለፍ መያዣ ለወጠው።

በአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ሥራ ረጅም ዕድሜ አለው፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፥ ልጆቻቸውም ሥራውን ወርሰዋል። እንዲህ ባለ ከተማ አሮጌ ሌንስ ይዞ «ለዚህ የሚሆን ካሜራ አለ ወይ» የሚል ደንበኛ ቢመጣ ሊያስደንቅ አይገባም።

የምርጫው መሠረት ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ነው። ባለ ጥርሱ የላይካ ሌንስ 28.8 ሚሊ ሜትር፥ የኤም ሌንስ ደግሞ 27.8 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ዲ.ኤስ.ኤል.አር. የሚባሉት ባለ መስተዋት ካሜራዎች ግን ለመስተዋቱ ቦታ መተው ስላለባቸው ርቀታቸው ይበልጣል፤ የካኖን 44፥ የኒኮን 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሌንሱ እንዲሠራ ወደ ካሜራው ሆድ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ መግባት ይኖርበታል፤ ይህም የማይሆን ነው። መስተዋት አልባዎቹ ካሜራዎች ግን አጭር ርቀት አላቸው፤ የሶኒ ኢ 18፥ የፉጂ ኤክስ 17.7፥ ፓናሶኒክና ኦሊምፐስ የሚጋሩት የማይክሮ ፎር ሰርድስ 19.25 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱን አገናኝ ቀለበት ይሞላዋል። ለምሳሌ ባለ ጥርሱን ሌንስ ከሶኒ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት ውፍረቱ 10.8 ሚሊ ሜትር ነው። በውስጡ ኤሌክትሪክም መስታወትም ስለሌለ በርካሽ ይገኛል።

ሁለተኛው ልክ የሴንሰሩ ስፋት ነው። የፊልም ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር። በአብዛኞቹ አነስተኛ የሶኒና የፉጂ ካሜራዎች ያለው ሴንሰር ከዚያ ስለሚያንስ፥ 50 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ እንደ 75 ሆኖ ያሳያል፤ በማይክሮ ፎር ሰርድስ ላይ ደግሞ እንደ 100 ይሆናል።

አሁን በአስኮ፥ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር፥ ፎቶ ቤት ያለው አንድ ነጋዴ እንደ ምሳሌ ይታሰብ። በእጁ ዩፒተር-8 የተባለ 50 ሚሊ ሜትር የሶቪየት ሌንስ አለው እንበል። የሰው ፊት ለማንሣት 75 ሚሊ ሜትር እጅግ ተስማሚ ስለሆነ፥ በ2012 የወጣው ሶኒ ኔክስ-6 ወይም ፉጂ ኤክስ-ኢ 1፥ ወይም በ2014 የወጣው ሶኒ አልፋ 6000 ይበቃዋል። ሦስቱም በዓይን የሚታይበት መስኮት አላቸው፤ በቀትር ፀሐይ በኋላው ስክሪን ብቻ ማስተካከል አስቸጋሪ ነውና ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በጠባብ ክፍል ቤተሰብን በሙሉ ማንሣት ቢፈልግ ግን 75 አያዋጣውም፤ ያን ጊዜ ሴንሰሩ እንደ ፊልም የሰፋውን፥ በ2013 የወጣውን ሶኒ ኤ-7 መፈለግ፥ ወይም ለዚያ ሥራ የካሜራውን የራሱን ሰፊ ሌንስ መግዛት አለበት። ሠርግም በእጅ እየተስተካከለ ለማንሣት ፋታ አይሰጥምና የካሜራው የራሱ ሌንስ አብሮ ቢኖር ይመረጣል።

ወጥመዶቹም የታወቁ ናቸው። የዜኒት ባለ መስተዋት ካሜራ የቀድሞ ሌንሶች ጥርሳቸው እንደ ላይካው 39 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርቀታቸው ግን 45.2 ስለሆነ በሬንጅፋይንደር ቀለበት ላይ ይጠመዘዛሉ እንጂ ምስላቸው አይጠራም። የኪየቭ ሬንጅፋይንደር ሌንሶች፥ ስማቸው ዩፒተር ቢሆንም፥ የኮንታክስን መያዣ ስለሚከተሉ ሌላ ቀለበት ይሻሉ። ዩፒተር-12 የኋላ መስታወቱ ወደ ውስጥ በጣም የገባ ስለሆነ በካሜራው ውስጥ እንዳይነካ አስቀድሞ መለካት ይገባል። ወደ ውስጥ የሚታጠፈውንም ኢንዱስታር-22 በዲጂታል ካሜራ ላይ ሳለ መግፋት አይገባም። ከዚህም ሌላ ሰፊ ማዕዘን ያላቸው የሬንጅፋይንደር ሌንሶች በሴንሰሩ ፊት ባለው ወፍራም መስታወት ምክንያት የምስሉን ዳርና ዳር ሊያደበዝዙ ይችላሉ። ከ50 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያሉት ግን በአብዛኛው ከዚህ ችግር የራቁ ናቸው።

ባለ ሱቁ አሮጌ ሌንስ ሲረከብ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሻጋታና ጭጋግ እንደሌለበት ይመልከት፤ የብርሃን መክፈቻው ምላጮች ዘይት እንዳልነካቸው፥ የማስተካከያው ቀለበትም ሳይነቀነቅ እንደሚዞር ይፈትን። ያገለገለ ካሜራ ሲገዛም ሌንሱን ገጥሞ የሩቁን ሕንፃና የቅርቡን ጽሑፍ አንሥቶ ያጉላ። ካሜራው «ሌንስ የለም» ብሎ ማንሣት እምቢ ቢል ብልሽት አይደለም፤ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ የሚፈቅደውን ትእዛዝ ከምናሌው መክፈት ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ሻጭ ደህና ካሜራ እንደ ተበላሸ ቆጥሮ ይመልሳል።

የአስመጪው ስሌት ከካሜራው ዋጋ ላይ ቀለበቱን፥ ባትሪውን፥ ቻርጀሩን፥ ማጓጓዣውንና ቀረጡን መደመር አለበት። ከሐምሌ 2024 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ ዋጋው የታሰበበት ቀንና ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀን ሊራራቁ አይገባም። ባትሪያቸው አንድ የሆኑትን ካሜራዎች መምረጥም ብዙ ገንዘብ ከመጋዘን ያድናል፤ ኔክስ-6፥ አልፋ 6000ና የመጀመሪያው ኤ-7 ሁሉም ኤን.ፒ.-ኤፍ.ደብሊው. 50 በተባለው ባትሪ ይሠራሉ።

እንግዲህ ሥርዓቱ አጭር ነው፤ በመጀመሪያ የደንበኛው ሌንስ የየትኛው ካሜራ እንደ ነበረ ይታወቅ፥ ቀጥሎ ምን ሊያነሣበት እንዳሰበ ይጠየቅ፥ ከዚያም ቀለበቱና ካሜራው ይመረጡ። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በርካሽ ስላገኘው ብቻ ሃያ ባለ መስተዋት ካሜራ ያስመጣ ነጋዴ፥ ለእነዚህ ደንበኞች የሚሸጠው አንድ እንኳ አይኖረውም።