ከ18ቱ 16ቱ እንዴት ተረፉ?

በዲፓርትመንታችን ስለ ድሮ መኪና ወሬ ከተነሳ «የድሮ ብረት ጠንካራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ ብዙም አልስማማም። ለማስረጃ ያህል ሮልስ ሮይስ ፋንተም 4 የተባለውን የእንግሊዝ መኪና ልጥቀስ።

ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 የተሠራው 18 ብቻ ሲሆን 16ቱ ዛሬም አሉ። ገንዘብ ስላለ ብቻ አይገዛም ነበር፤ የተሠራው በተለይ ለነገሥታትና ለመሪዎች ነው። ከጠፉት አንዱን ፋብሪካው ራሱ ፒክአፕ አድርጎ ሲሠራበት ቆይቶ በኋላ በታትኖታል። መቼም ከሁሉም ይበልጥ የለፋው እሱ ሳይሆን አይቀርም!

ሌሎቹ ግን ጠባቂ ነበራቸው። ስፔን በ1952 ለፍራንኮ የገባላትን ሦስት መኪና አልጣለችም፤ ንጉሥ ፌሊፔ 6ኛ በ2014 ሲነግሡ በፋንተም 4 ነው የሄዱት። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥትም የ1950ውን በ2018 ለሠርግ አውጥቶታል።

ጠባቂ ብቻውን ግን ሞተር አያስነሳም። ለኛ ትምህርት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ነው፤ ሮልስ ሮይስ እንዲህ ያለ ሞተር በሌላ የቤት መኪና ላይ አልገጠመም። ታዲያ መለዋወጫው ከየት ይገኛል? የሲሊንደሩን ስፋት 88.9 ሚ.ሜ.፣ የፒስተኑን ጉዞ 114.3 ሚ.ሜ. አድርገን ብናሰላ አንዱ ሲሊንደር 709.5 ሲሲ ገደማ ይመጣል። በስምንት ሲባዛ 5,675 ገደማ፣ በስድስት ሲባዛ ደግሞ 4,257 ይሆናል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያው ሲልቨር ሬይዝ ሞተር ልክ ነው! ማለትም ብርቅ የተባለው ሞተር የተራው ሞተር ወንድም ነው። ኩባንያው ለእንግሊዝ ጦር ባለ 4፣ ባለ 6 እና ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሮችን ብዙ ዕቃ እንዲጋሩ አድርጎ ሠርቶ ነበር። ባለ 8ቱ ሳራሰንና ሳላዲን በተባሉት ብረት ለበሶች፣ እንዲሁም በዴኒስ የእሳት አደጋ መኪኖች ላይ ተገጥሟል። ሁሉም ዕቃ እንዳለ ይገጥማል ማለቴ አይደለም፤ የሚያውቀው መካኒክ ግን በየቦታው ነበር።

ቦዲውም ቢሆን ከሻሲው የተለየ ነው። ሁፐርና ሙሊነር የሚባሉ ድርጅቶች ላሜራውን በእጅ ቀጥቅጠው ነው ያለበሱት፤ ስለዚህ የተበላሸው ተነስቶ ሌላ ሊቀጠቀጥለት ይችላል። ከ5 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው ሚኒ ግን ቦዲዋ ራሱ ሻሲዋ ነው፤ ወለሏ ዛገ ማለት ተሸካሚው አካል ዛገ ማለት ነው።