ትንሽ ግድብ ሲፈርስ ወንዙ ምን ይሆናል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1999 በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ኦጋስታ በተባለችው ከተማ፣ በኬኔቤክ ወንዝ ዳር ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ሕዝቡ የመጣው አዲስ ግድብ ሲመረቅ ለማየት አልነበረም፤ 162 ዓመት የቆመ ግድብ ሲፈርስ ለመመልከት ነበር። ኤድዋርድስ የተባለው ይህ ግድብ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1837 ሲሆን ቁመቱ 7 ሜትር ያህል ነበር። በመጨረሻ ዘመኑ ያመነጭ የነበረው ኃይል 3.5 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአገሪቱ የፌዴራል ኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የሥራ ፈቃዱን ማደሱን ትቶ ግድቡ እንዲነሣ አዘዘ። ኮሚሽኑ ያለ ባለንብረቱ ፈቃድ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

ግድብን የልማት ምልክት አድርገን ለምናይ ለእኛ ነገሩ እንግዳ ሊመስለን ይችላል። አንድ ሕዝብ በገንዘቡና በድካሙ የሠራውን ለምን ያፈርሳል? ካፈረሰስ በኋላ ወንዙ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳልን? ዓሦቹስ? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህን ጥያቄዎች ነው።

ትንሽ ግድብ ስንል

የዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን በአብዛኛው ከመሠረቱ እስከ አናቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ቁመት ያለውን ግድብ “ትልቅ” ይለዋል። ከዚያ በታች ያሉት ብዙዎቹ ለወፍጮ፣ ለመስኖ ወይም ለአነስተኛ ተርባይን የተሠሩ ናቸው። በተናጠል ሲታዩ እዚህ ግባ የማይባሉ ይመስላሉ፤ ሲደመሩ ግን ብዛታቸው ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት በ36 የአውሮፓ አገሮች ወንዞች ላይ ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን መሰናክሎች እንዳሉ ገምቷል። ከእነዚህም 68 በመቶ ያህሉ ከ2 ሜትር በታች ቁመት ያላቸው ናቸው። አንድ ዓሣ ግን የሁለት ሜትር ግድግዳ ፊት ሲደርስ መንገዱ የተዘጋበት መሆኑ ነው።

ግድብ ወንዙን እንዴት ይለውጠዋል?

ነገሩን በቀላል ስሌት እንየው። በአንድ ወንዝ ውስጥ በሰከንድ የሚያልፈው የውኃ መጠን የወንዙ ስፋት፣ ጥልቀትና የውኃው ፍጥነት ሲባዙ የሚገኘው ውጤት ነው። ስፋቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜትር የሆነ ወንዝ እናስብ። በሰከንድ 5 ሜትር ኪዩብ ውኃ ያልፍበታል። አሁን ወንዙ ተገድቦ ከግድቡ በስተጀርባ ስፋቱ 20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ሆነ እንበል። የሚመጣው ውኃ ያው 5 ሜትር ኪዩብ ስለሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 0.1 ሜትር ይወርዳል። ፍጥነቱ በአሥር እጅ ቀነሰ ማለት ነው።

ፈጣን ውኃ ጠጠርና አሸዋ እየገፋ ይሄዳል። ሲዘገይ ግን መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻም ከደቃቁ ጭቃ የተወሰነውን እያራገፈ ያልፋል። ስለዚህ ግድቡ ከውኃው ይልቅ አጥብቆ የሚይዘው ድንጋይና አፈሩን ነው። ከግድቡ በታች የሚወርደው ውኃ በበኩሉ ሸክሙ ስለቀለለ ጉልበቱን በወንዙ ወለል ላይ ያሳርፋል። ጠጠሩን ጠርጎ ይወስዳል፣ የሚተካውም አይመጣም፤ በመጨረሻም የወንዙ ወለል በትልልቅ ድንጋይ ብቻ የተነጠፈ ይሆናል።

ሌላው ለውጥ ሙቀት ነው። ተኝቶ ፀሐይ የሚመታው ውኃ ይሞቃል፤ የሞቀ ውኃ ደግሞ ኦክሲጅን የመያዝ ዐቅሙ ያንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ ንጹሕ ውኃ በሊትር 11.3 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ20 ዲግሪ ግን 9.1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይይዛል።

ይህ ሁሉ ለዓሣ ምን ማለት ነው?

ብዙ የወንዝ ዓሦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠር መካከል ነው። ጠጠሩ እንቁላሉን ከጎርፍና ከጠላት ይሸሽጋል፤ በጠጠሩ ክፍተቶች የሚያልፈው ውኃም ለሽሉ ኦክሲጅን ያደርሳል። ክፍተቱ በጭቃ ከተደፈነ ሽሉ ይታፈናል። እንግዲህ አንድ ትንሽ ግድብ ዓሣውን ሦስት ጊዜ ይጎዳዋል ማለት ነው፦ መንገዱን ይዘጋበታል፣ ከግድቡ በላይ ያለውን ጠጠር በደለል ይቀብርበታል፣ ከግድቡ በታች ያለውን ደግሞ ያስጠርግበታል።

ግድቡ ሲነሣ

ግድብ ሲፈርስ ወንዙ በአንድ ቀን አይድንም። ለውጡ በቅደም ተከተል የሚካሄድ ነው። ግድቡ በነበረበት ቦታ፣ በተከማቸው ደለል ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ፏፏቴ ያለ እርከን ይፈጠራል። ውኃው እርከኑን ከሥሩ እየበላው ወደ ወንዙ ላይኛ ክፍል ያፈገፍጋል፤ በደለሉ ውስጥም ጠባብና ጥልቅ ቦይ ይቀደዳል። ቀጥሎ የቦዩ ዳርና ዳር እየተናደ ይሰፋል። በመጨረሻም ዳርቻው ይረጋጋል፣ ሣርና ቁጥቋጦ ይይዘዋል።

በኦሪገን ግዛት በሳንዲ ወንዝ ላይ የነበረው የማርሞት ግድብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቁመቱ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2007 ተነሣ። ከበስተጀርባው 700,000 ሜትር ኪዩብ የሚበልጥ አሸዋና ጠጠር ተከማችቶ ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን ሁሉ በማሽን ከመዛቅ ይልቅ ሥራውን ለወንዙ ተዉለት። ወንዙም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ጠርጎ ወሰደው። ሳልመን ዓሦችም ግድቡ ከነበረበት ቦታ አልፈው ሲወጡ ለመታየት የፈጀባቸው ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር።

ዓሦቹ ይመለሳሉን?

ወደ ኬኔቤክ እንመለስ። የኤድዋርድስ ግድብ ሲነሣ ከኦጋስታ እስከ ዋተርቪል ያለው 27 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዝ ከባሕር ለሚመጡ ዓሦች ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሰባስቲኩክ በተባለው ገባር ወንዝ ላይ የነበረው የፎርት ሃሊፋክስ ግድብ ፈረሰ። አሌዋይፍ የሚባለው የሄሪንግ ዘመድ፣ በባሕር አድጎ በጣፋጭ ውኃ ሐይቆች የሚራባ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰባስቲኩክ ሽቅብ የወጡት እነዚህ ዓሦች ሲቆጠሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ዓሣውን ተከትለው ንስሮችና ሌሎች ዓሣ በል አእዋፍ በብዛት ይሰበሰቡ ጀመር።

ይሁንና ሁሉም ዓሣ እኩል አልተመለሰም። በዚያው ወንዝ የአትላንቲክ ሳልመን ቁጥር እስከ ዛሬ አነስተኛ ነው፤ ገና ያልተነሡ ሌሎች ግድቦች ከላይ አሉ፣ በባሕር ውስጥ የሚደርስበትም ችግር አለ። መንገድ መክፈት አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን ሁልጊዜ በቂ አይደለም።

ማፍረስ ጥፋት የሚሆንበት ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ ግዛት በሃድሰን ወንዝ ላይ የነበረው የፎርት ኤድዋርድ ግድብ ፈረሰ። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ደለል ፒ.ሲ.ቢ. በተባለ መርዛማ የኢንዱስትሪ ኬሚካል የተበከለ ነበር። ግድቡ ሲነሣ መርዙ ከደለሉ ጋር ቁልቁል ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ወንዝ ማጽዳት አሥርተ ዓመታትን የወሰደ ሥራ ሆነ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ደግሞ አንዳንድ ትንንሽ ግድቦች ሆን ተብለው እንዲቆዩ ይደረጋሉ፤ ላምፕሬይ የተባለው ደም መጣጭ መጤ ዓሣ ወደ መራቢያው እንዳይወጣ ይከለክሉታልና።

ከዚህ የምንማረው፣ ግድብ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ እንዳለባቸው ነው፦ ከጀርባው ያለው ደለል ምን ያህል ነው? ውስጡስ ምን አለ? መንገዱ ሲከፈት የሚያልፈውስ ማን ነው?

ጣናስ?

ይህ ትምህርት ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጣና ሐይቅ ውስጥ ላቢኦባርበስ ከሚባለው ወገን 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከዚያ ሐይቅና ከገባሮቹ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። በርካቶቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ጉማራን፣ ርብንና መገጭን በመሳሰሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይጓዙና ንጹሕ ጠጠር ባለበት ቦታ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከሳልመን የሚለያቸው ባሕራቸው ጣና መሆኑ ነው፤ የሚፈልጉት ነገር ግን አንድ ነው፦ ክፍት መንገድ፣ ጠጠርና ንጹሕ ውኃ።

ለአገራችን የመስኖ ውኃ የግድ ያስፈልጋታል፤ በርብ ወንዝ ላይም ለዚሁ ዓላማ ግድብ ተሠርቷል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ “እንገድብ ወይስ አንገድብ?” የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። የት እንገድብ? መራቢያው ከግድቡ በላይ ነው ወይስ በታች? ዓሣው በሚጓዝባቸው የክረምት ወራት ምን ያህል ውኃ እንልቀቅ? ዝቅተኛ የመስኖ መጥለፊያዎችስ ለዓሣ ማለፊያ ሊሠራላቸው ይችላል? እነዚህን ጥያቄዎች ከግንባታው በፊት መመለስ ግድብን ኋላ ከማፍረስ እጅግ የረከሰ ነው። የኬኔቤክ ሰዎች መልሱን ያገኙት ከ162 ዓመት በኋላ ነው። እኛ ያን ያህል መጠበቅ የለብንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከላይ በሰጠነው ስሌት የግድቡ ጥልቀት በደለል ምክንያት ወደ 1 ሜትር ቢቀንስ፣ ስፋቱና የሚመጣው ውኃ ሳይለወጥ፣ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? ይህስ ደለል በመከማቸቱ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?
2. በአካባቢያችሁ ካለ የመስኖ መጥለፊያ ወይም ትንሽ ግድብ በላይና በታች ያለውን የወንዝ ወለል ተመልከቱ። ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ የሚበዛው የት የት ነው? ምክንያቱን አስረዱ።
3. ግድብን በአንድ ጊዜ ማፍረስና ደረጃ በደረጃ ማፍረስ ለወንዙና ለዓሦቹ ምን ምን ጥቅምና ጉዳት አላቸው?