የአሥር ሰዓት መክሰስ፤ ከአባያ ዳርቻ እስከ ጨንቻ ደጋ

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ በአርባ ምንጭ ጎዳናዎች የሚያልፍ ሰው ሁለት ዓይነት መክሰስ ጎን ለጎን ተሰናድቶ ያገኛል። በአንድ ወገን ሙዝ በዘለላ የደረደሩና ቆሎ በሲኒ እየሰፈሩ የሚሸጡ እናቶች ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ከትምህርት ቤት የወጣው ተማሪ በኪሱ ያለችውን ጥቂት ብር ይዞ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ምርጫውን የሚወስነው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቆሎ የድሮ ሰው ምግብ፣ ብስኩት ደግሞ የዘመናዊ ሰው ምግብ ነው የሚል አስተሳሰብም በውስጡ አለበት።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ይህን አስተሳሰብ በሳይንስ ሚዛን ላይ አስቀምጠን እንመረምራለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ሁለቱ የመክሰስ ዓይነቶች በሰውነታችን ውስጥ የሚለያዩት በምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ ተነሥተን በዶርዜ በኩል እስከ ጨንቻ እንወጣለን።

መክሰስ ለምን ያስፈልጋል?

መክሰስ በምሳና በእራት መካከል የሚቀመስ ቀለል ያለ ምግብ ነው። ለአዋቂ ሰው ረኃብን ማስታገሻ ሊሆን ይችላል፤ ለሕፃን ግን ከዕለት ምግቡ የማይናቅ ድርሻ አለው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ በሁለትና በሦስት ማዕድ ብቻ መያዝ አይችልም። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ለሆናቸው ሕፃናት ከመደበኛው ማዕድ በተጨማሪ እንደ አስፈላጊነቱ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መክሰስ እንዲሰጥ ይመክራል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል 37 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በታች የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ትንሿን ሆድ በስኳርና በነጭ ዱቄት ብቻ መሙላት ለፕሮቲን፣ ለብረትና ለቫይታሚን የነበረውን ቦታ መንጠቅ ማለት ነው።

የተቀነባበረ ምግብ ሲባል

ቆሎ መቁላትም፣ ንፍሮ መቀቀልም ምግብን ማዘጋጀት ነውና «ያልተቀነባበረ» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይሻል። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ካርሎስ ሞንቴሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ምግቦችን እንደ አዘገጃጀታቸው የሚለይ አመዳደብ አቅርበዋል። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ቅርጹ ምድቦቹ አራት ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ሙዝና ገብስ ያለው፣ ያልተቀነባበረ ወይም በጥቂቱ ብቻ የተሰናዳ ምግብ ነው። ሁለተኛው ዘይት፣ ጨውና ስኳርን የመሰሉትን ማጣፈጫዎች ይይዛል። ሦስተኛው በሁለቱ ቅልቅል የሚሠራው፣ እንደ አይብና እንደ ተራ ዳቦ ያለው ነው። አራተኛው ደግሞ ከተጣራ ስታርች፣ ከስኳርና ከዘይት፣ ከማቅለሚያና ከማሽተቻ ጋር በፋብሪካ የሚገጣጠመው፣ እጅግ የተቀነባበረው ምግብ ነው።

ይህ አመዳደብ ከስም ያለፈ ትርጉም እንዳለው ያሳየ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተካሂዷል። ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ፈቃደኛ ሰዎችን በማዕከሉ ውስጥ አሳድረው ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ማዕድ በኃይል መጠን፣ በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በፋይበር ተመጣጣኝ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው በተቀነባበረው ምግብ ወቅት በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብልጫ ወሰዱ፤ ክብደታቸውም በአማካይ 0.9 ኪሎ ግራም ጨመረ። በሌላው ወቅት በዚያው ልክ ቀነሰ። ተሳታፊዎቹ የተቀነባበረውን ምግብ የበሉት በበለጠ ፍጥነት ነበር።

ሙዝ፤ የአባያ ዳርቻ መክሰስ

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ የምትገኘው ላንቴ በሙዝ እርሻዋ ትታወቃለች። ቆላው ሞቃት ከመሆኑም በላይ ከጋሞ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ማሳዎቹን ያጠጣሉ።

ያልበሰለ ሙዝ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ስታርች ነው። ፍሬው ሲበስል ኤትሊን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ በዚህ ጋዝ ትእዛዝ የሚቀሰቀሱ ኢንዛይሞችም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ሙሉ በሙሉ በበሰለ ሙዝ ውስጥ የሚቀረው ስታርች ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 100 ኪሎ ካሎሪ ኃይል፣ 14 ግራም ያህል ስኳር፣ 3 ግራም ያህል ፋይበርና 400 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም ይሰጣል።

አንባቢ እዚህ ላይ «ሙዝም ስኳር ካለው ከለስላሳ መጠጥ በምን ይሻላል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብ ላይ የሚጨመር፣ እንዲሁም በማርና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ የሚገኝ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 እና 25 ግራም ማለት ነው። ሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር ግን በዚህ ገደብ አልተቆጠረም። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ደጋው እንውጣ።

የጨንቻ አፕልና የፍጥነት ምሥጢር

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ተጓዡ ከሙዝ ምድር ተነሥቶ ወደ እንሰት፣ ወደ ገብስና ወደ አፕል ምድር ይደርሳል። የአፕል ዛፍ እንቡጥ በሚገባ ይፈነዳ ዘንድ አስቀድሞ የብርድ ወራት ማሳለፍ ስላለበት ፍሬው የደጋ ልጅ ሆኗል።

ስለዚህ ፍሬ የተደረገ አንድ የቆየ ሙከራ ለጥያቄያችን መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ለ10 ጤናማ ሰዎች አፕል በሦስት መልክ አቀረቡ፤ ሙሉ ፍሬ፣ የተፈጨ ፍሬና ፋይበሩ የወጣለት ጭማቂ። በሦስቱም ውስጥ ያለው የካርቦሃይድሬት መጠን እኩል፣ ማለትም 60 ግራም ነበር። ጭማቂው ከሙሉው ፍሬ በ11 እጥፍ ፍጥነት ተጠጥቶ አለቀ። አጥጋቢነቱ የላቀው ሙሉው ፍሬ ሲሆን የተፈጨው ሁለተኛ፣ ጭማቂው የመጨረሻ ሆነ። ከጭማቂው በኋላ ኢንሱሊን ከፍ ብሎ ወጣ፤ የደም ስኳርም ተከትሎ ከጾም መጠኑ በታች ወረደ። ከሙሉው ፍሬ በኋላ ግን እንዲህ ያለ ቁልቁለት አልታየም።

ሦስቱም የተገኙት ከአንድ ፍሬ ነው። ልዩነቱ የተፈጠረው የፍሬው አወቃቀር በመፍረሱ ነው። ስኳሩ በሕዋሳት ግድግዳ ውስጥ ታጭቆ ሳለ ጥርስ ማኘክ፣ ጨጓራም መፍጨት ይኖርበታል፤ በዚህም መካከል የጥጋብ መልእክት ወደ አንጎል ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። ግድግዳው አስቀድሞ ሲፈርስ ይህ ጊዜ ይጠፋል። በመሆኑም ስለ አንድ መክሰስ ስንጠይቅ «ማን ሠራው?» ከማለት ይልቅ «የፍሬው ወይም የእህሉ አወቃቀር ምን ያህል ተርፏል?» ብለን ብንጠይቅ ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

ቆሎና ንፍሮ

ይህ መመዘኛ ስለ ቆሎም ይናገራል። የተቆላ የገብስ ፍሬ በጥርስ እስኪሰበር ድረስ አወቃቀሩ አልፈረሰም፤ ቶሎ ቶሎ መዋጥም አይቻልም። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ የሚሟሟ ፋይበር ስላለው የምግብን ጉዞ በአንጀት ውስጥ ያዘገያል።

ገብስን ከሽምብራ ጋር የመቀላቀል ልማድ ደግሞ ኬሚስትሪ ያጸደቀው ጥበብ ነው። የእህል ፕሮቲን ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ደሃ ነው፤ የጥራጥሬ ፕሮቲን በላይሲን ባለጸጋ ሆኖ ሜቲዮኒን ይጎድለዋል። ሁለቱ በአንድ እፍኝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በደጋው ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ከባቄላ ንፍሮ ወይም ከአይብ ጋር ሲበላ በተመሳሳይ መንገድ ይጠናከራል።

ንፍሮ ሌላ ጥቅም አለው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት ብረትንና ዚንክን አስሮ ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። እህሉ ውሃ ውስጥ ሲያድር ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይነቃና የፋይቴቱን ከፊል ያፈርሰዋል፤ ከፊሉም ወደ ውሃው ይወጣል። እናቶች ባቄላውን ማታ ዘፍዝፈው ጠዋት የሚቀቅሉት ቶሎ እንዲበስል ብለው ቢሆንም ሳያስቡት ብረቱንም ነፃ ያወጡታል።

ነገር ግን ከልማዳችን መካከል መታረም ያለበትም አለ። ቆሎ የቡና ቁርስ ነው፤ ከቡናና ከሻይ ጋር ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳመለከተው ከሃምበርገር ማዕድ ጋር የተጠጣ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሷል። ቡናው ከማዕዱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ቅነሳ አልታየም፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ አብሮ ከመጠጣት አላነሰም። ስለዚህ በተለይ ለነፍሰ ጡር እናትና ለልጆች ቆሎውንና ንፍሮውን ከሻይ ለይቶ፣ በምትኩ ከማንጎ፣ ከፓፓያ ወይም ከዘይቱን ጋር ማቅረብ ይመረጣል። በእነዚህ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት በቀላሉ እንዲመጠጥ ይረዳል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

«ተፈጥሯዊ» መሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም። ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ትንታን ሊያስከትሉ ስለሚችሉ አይሰጡም፤ ለእነርሱ ገብሱ ተፈጭቶ በሶ ይሁንላቸው። በበሶው ላይ የሚጨመረው ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይገባም።

የሻገተ ኦቾሎኒና በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መልኩ የተለወጠውን፣ የተጨማደደውንና ምሬት ያለውን ፍሬ ማስወገድ ይገባል። ጎደሬም በውስጡ ያሉት የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌዎች ጉሮሮን ስለሚያሳክኩ በደንብ መቀቀል አለበት።

በሌላ በኩል የፋብሪካ ምግብ ሁሉ ጠላት አይደለም። አዮዲን የተጨመረበት ጨውና በሙቀት ከጀርም የጸዳ ወተት የብዙዎችን ጤና ጠብቀዋል።

ለቤተሰብ የሚሆኑ ሐሳቦች

በጋሞ ዞንም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል በቀላሉ ሊዘጋጁ የሚችሉ መክሰሶችን እንደሚከተለው እንጠቁማለን።

1. የበሰለ ሙዝ ከአንድ እፍኝ የተቆላ ኦቾሎኒ ጋር። ኦቾሎኒው ሙዙ የሚጎድለውን ፕሮቲንና ስብ ይሞላል።

2. ውሃ ውስጥ ያደረ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ፣ ተከትሎም ማንጎ።

3. የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ያለ ሻይ።

4. ከነልጣጩ የተቀቀለ ስኳር ድንች። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዝርያ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን በብዛት አለው፤ ይህ ንጥረ ነገር በስብ ስለሚሟሟ ጥቂት ቅቤ ወይም አቮካዶ ይታከልበት።

5. በወቅቱ የሚገኝ የበቆሎ እሸት፣ የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ።

6. ከበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለው፣ በኮንሶና በደራሼ የታወቀው ኩርኩፋ።

በቤት የሚሠራ ሙከራ

በመጨረሻም ከላይ ስለ ሙዝ ያልነውን አንባቢ በዓይኑ እንዲያረጋግጥ እንጋብዛለን። አረንጓዴ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ሦስት ሙዝ ይዘጋጅ። ከእያንዳንዱ አንዳንድ ቁራጭ ተወስዶ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ቲንክቸር አዮዲን በጠብታ ይንካው። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ስለዚህ አረንጓዴው በጥልቀት ሲጠቁር ነጠብጣብ ያለው እምብዛም አይለወጥም። የተሞከረባቸው ቁራጮች ይጣሉ እንጂ አይበሉ።

ይህን ሙከራ በአሥር ሰዓቱ መክሰስ ላይ ከታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ጋር ማድረግ ይቻላል። ሙከራው ሲያበቃ የተረፈው ሙዝ ለሁሉም ይዳረስ፤ ከእርሱ ጋርም አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ ሕፃን ካለም በደቀቀ ዱቄት መልክ፣ ቢቀርብ ትምህርቱም መክሰሱም የተሟላ ይሆናል።