ለባንድ ልምምድ የሚሆን ርካሽ የቤዝ አምፕሊፋየር እንዴት እንምረጥ?

ዛሬ ከስልክና ከሶፍትዌር ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር እናያለን። ከሥራ ሰዓት ውጭ ተሰባስባችሁ ለምትለማመዱ ነው። ድራሙ በራሱ ጉልበት ይጮኻል፣ ኪቦርዱ ትልቅ ስፒከር ይሰጠዋል፣ ቤዙ ግን ብዙ ጊዜ በተገኘው ሳጥን ላይ ይሰካል። ከዚያ ቤዝ ተጫዋቹ ራሱን አይሰማምና ድምፁን ይጨምራል፤ ሌላውም ይጨምራል፤ ልምምዱ ሲያልቅ የሁሉም ጆሮ ጭው ይላል። ስለዚህ ምርጫው የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የጆሮም ጉዳይ ነው።

ሻጭ መጀመሪያ የሚነግረን ቁጥር ዋት ነው። በስልክ ካሜራ ላይ ሜጋፒክስል እንደሚሉን ማለት ነው፤ ውሸት አይደለም፣ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ ዴሲቤል ደግሞ የሎጋሪዝም መለኪያ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስለን ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት፤ ይህም 10 እጥፍ ዋት ማለት ነው። የ50 እና የ100 ዋት ዕቃዎች በዋጋ ሊራራቁ ይችላሉ፤ በጆሮ ግን ልዩነታቸው «ትንሽ ከፍ አለ» የሚባል ዓይነት ነው።

ብዙ ሰው የማያነበው፣ እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ቁጥር የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ ነው። ይህ ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ የሚናገር ነው። አንዱ ስፒከር 91፣ ሌላው 97 ዴሲቤል ነው እንበል። ልዩነቱ 6 ዴሲቤል፣ በዋት ሲመነዘር 4 እጥፍ ነው። ሁለተኛው በ50 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማውጣት የመጀመሪያው 200 ዋት ይጠይቃል! በርካሽ ኮምቦዎች ላይ (አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን የሆኑት ማለት ነው) ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ያኔ የስፒከሩን ስፋትና የሳጥኑን መጠን እናያለን። ቤዝ አየር መግፋት ይጠይቃል። ባለ 8 ኢንች ትንሽ ሳጥን ለመኝታ ቤት ነው። ከድራም ጋር ከሆነ አንድ ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች፣ አለዚያም ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለውን ፈልጉ።

ስንት ዋት ይበቃል ካላችሁኝ፣ ድራም ተጫዋቻችሁ በእውነተኛ ድራም የሚመታ ከሆነ ከ100 ዋት በታች አልመክርም። 200 እና 300 ከተገኘ ደግሞ ዕቃው ሳይጨናነቅ ይሠራል። ድራሙ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ወይም በቀስታ የምትለማመዱ ከሆነ ግን 40 ዋትም ይበቃል፤ ትርፍ ገንዘብ አታውጡ። ለምሳሌ ከፌንደር ራምብል ዓይነቶች ባለ 40 ዋቱ አንድ 10 ኢንች፣ ባለ 100 ዋቱ አንድ 12 ኢንች ስፒከር አላቸው። የመጀመሪያው የቤት፣ ሁለተኛው የልምምድ ክፍል ዕቃ ነው። አዳዲሶቹ አምፕሊፋየሮች ክላስ ዲ በሚባለው አሠራር ስለሚሠሩ ቀላል ናቸው፤ በባቡር ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ወፍራሙን ክር በደንብ ያወጣል ወይ?» የሚል ጥያቄም አለ። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኢ ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ብዙ ርካሽ ስፒከሮች እዚያ ድረስ በጉልበት አይወርዱም። ሆኖም ከዚያው ክር 82፣ 123 እያለ የሚወጣውን ተከታይ ድምፅ ሰምቶ አእምሯችን የጎደለውን ይሞላዋል። በስልካችሁ የድምፅ ስፔክትረም የሚያሳይ አፕ ከፍታችሁ ብትመለከቱ 82 ላይ ያለው መስመር ከ41ዱ በልጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። እንግዲህ የቤዝ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻ መጠምዘዝ መፍትሔ አይደለም። ዋቱን ይበላዋል፣ ችክችካ ላይ ደግሞ ከድራሙ እግር ጋር ተደባልቆ ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። መካከለኛውን ድምፅ፣ ከ250 እስከ 800 ኸርዝ ያለውን፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይወጣል። ኪቦርድ ተጫዋቻችሁ በግራ እጁ ቤዝ የመምታት ልማድ ካለው ደግሞ በትሕትና ለምኑት፤ ሁለት ቤዝ በአንድ ክፍል አይስማማም።

ሌላው ነፃ ማሻሻያ አቀማመጥ ነው። መሬት ላይ ያለ ኮምቦ የሚጮኸው ለጉልበታችን ነው። ወንበር ላይ አውጡት፣ ወይም ወደ ኋላ አዘንብሉት። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ተቋሙ ለአይፎን ያዘጋጀው ነፃ የድምፅ መለኪያ አፕ ስላለ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ክፈቱት።

ወደ ጀርባው ፓኔል እንሂድ። «ቢያንስ 4 ኦም» የሚል ካለ፣ ሁለት ባለ 8 ኦም ቦክሶች በትይዩ ሲሰኩ 4 ይሆናሉ፤ ምንም ችግር የለም። ሁለት ባለ 4 ከሰካችሁ ግን 2 ይሆናል፤ ያኔ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። ከአምፕሊፋየር ወደ ቦክስ የሚሄደው ገመድ የስፒከር ገመድ ይሁን። የጊታሩ ገመድ መልኩ ቢመሳሰልም ውስጡ ቀጭን ነው። ኤክስኤልአር ወይም ዲአይ የሚል መውጫ ካለውም ምረጡት፤ አዳራሽ ስትጫወቱ ድምፁ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ይገባል፣ ትልቅ አምፕሊፋየር መሸከም ቀረ ማለት ነው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም አፓርታማ ለሚኖር ግድ ነው፤ ቤዝ ግድግዳ አይመልሰውም።

ዕቃውን አንድ ቀን ወደ አገር ቤት የመላክ ሐሳብ ያላችሁ ቮልቴጁን አሁኑኑ እዩ። አሜሪካ 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ጀርባው ላይ «100–240» ከተጻፈ ሶኬቱን ማስማማት ብቻ ነው የሚቀረው። አንዳንዱ መቀየሪያ አለው፤ ከመሰካቱ በፊት መዞር አለበት። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ከባድ ትራንስፎርመር አብሮ መግዛት ይመጣል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የተገዛ ይህ ጣጣ የለበትም።

እኔ በዚህ በጀት ያገለገለ ነው የምመርጠው። ስትሄዱ የራሳችሁን ጊታርና ገመድ ያዙ። መጀመሪያ ምንም ሳትጫወቱ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ኸምታውን ስሙ። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አዙሩ፤ መንጫጫት ካለ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ በማጽጃ ይስተካከላል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል። የገመዱን ጫፍ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉ፤ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ መሰኪያው ላልቷል። ከዚያ ወፍራሙን ክር ክፍት አድርጋችሁ ጠንከር ብላችሁ ምቱ። ሳጥኑ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ብሎን ሊሆን ይችላል፤ ከስፒከሩ ከራሱ ፍትግ ፍትግ የሚል ድምፅ ከመጣ ግን አመስግናችሁ ውጡ። አዲስ ስፒከር ማስገባት ርካሹን ዕቃ ውድ ያደርገዋል።