ጭስ ማውጫው ከተቀየረ በኋላ ጉልበት ያጣ መኪና፦ ምርመራው ከየት ይጀመር?

የፒካፕ ባለቤቶች ማርሚታውንና የጭስ ማውጫ ቱቦውን በሰፊ ቱቦ የሚያስቀይሩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ሽተው ነው፤ ወፍራም ድምፅና ተጨማሪ ጉልበት። ድምፁ ወዲያው ይገኛል። ጉልበቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ጭራሽ ይቀንሳል፤ ቀድሞ ተጎታች ይዞ ዳገት በቀላሉ ይወጣ የነበረው መኪና ማርሽ እየቀነሰና ነዳጅ እየበላ ማቃሰት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ከወዳጅም ሆነ ከጋራዥ የሚሰማው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሞተሩ የኋላ ግፊት ያስፈልገው ነበር፣ ቱቦው ሲሰፋ አጣው» ይባላል። አባባሉ ቁንጽል እውነት ቢኖረውም መንስኤውን ይስታል፤ ያመነውንም ሰው ለሌላ ወጪ ይዳርገዋል።

የኋላ ግፊት ማለት የተቃጠለው ጋዝ ከሲሊንደሩ ሲወጣ የሚገጥመው ተቃውሞ ነው። ፒስተኑ ይህን ተቃውሞ የሚያሸንፈው ከራሱ ከሞተሩ ጉልበት ወስዶ ስለሆነ፣ ተቃውሞው ራሱ ጉልበት ሊጨምር አይችልም። ጉልበት የሚጨምረው የጋዙ ፍጥነትና የግፊት ሞገዱ የሚደርስበት ሰዓት ነው። የጭስ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር የግፊት ሞገድ በቱቦው ውስጥ ይጓዛል፤ በትኩሱ ጋዝ ውስጥ ያለው ፍጥነትም በሰከንድ 550 ሜትር ገደማ ነው። ቱቦው ወደ ሰፊ ክፍል ከሚከፈትበት ቦታ ሲደርስ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ገፊ መሆኑ ቀርቶ ሳቢ ይሆናል። ይህ ሳቢ ሞገድ የአየር ማስገቢያውና የጭሱ ቫልቭ ለአፍታ አብረው በሚከፈቱበት ቅጽበት ከደረሰ፣ የቀረውን ጭስ ጠርጎ ያወጣል፤ አዲሱንም አየር ይስባል።

አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ሞገዱ ደርሶ ለመመለስ 3.6 ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር የክራንኩ ዘንግ በዚያ ጊዜ ውስጥ 44 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ በ5,000 ዙር ግን 109 ዲግሪ ይዞራል። እንግዲህ አንድ ቱቦ ለሁሉም ፍጥነት እኩል ሊመች አይችልም። የቱቦው ስፋትም የራሱ ሚና አለው። የውስጥ ዲያሜትሩ ከ2.5 ወደ 3 ኢንች ሲያድግ የጋዙ መተላለፊያ 44 በመቶ ይሰፋል፤ ያው የጋዝ መጠን በዚያ ሲያልፍ ፍጥነቱ በ31 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በዝቅተኛ ዙር ጋዙ ጥቂት ስለሆነ፣ ፍጥነቱን ሲያጣ ጭሱን የመጥረግ አቅሙም ይዳከማል። «ግፊት ጠፋ» የሚሉት ይህን ነው።

ሆኖም ቱቦ መስፋቱ ብቻውን የሚያስከትለው ጉድለት መጠነኛ ነው፤ የታወቀ መልክም አለው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይሰንፋል፣ ዙሩ ከፍ ሲል ግን እንደ ቀድሞው ወይም ከቀድሞው በተሻለ ይጎትታል፤ የማስጠንቀቂያ መብራትም አይበራም። ስለዚህ የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጉልበቱ የሚጠፋው በስንት ዙር ላይ ነው?» የሚለው ነው። ድክመቱ በሁሉም ዙር ከሆነ ወይም ነዳጅ መርገጫው ሲጠብቅ ብሶ ከታየ፣ መንስኤው የቱቦው ስፋት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ሊጠረጠር የሚገባው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ ቀዳዳ ነው። ቱቦ ሲቀየር ጓርኒሲዮኑ በትክክል ላይቀመጥ፣ ብየዳውም ላይገጥም ይችላል። ብዙ ሰው ከቀዳዳው ጭስ ብቻ የሚወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን በአንዱ የጭስ ምትና በሚቀጥለው መካከል የቱቦው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል፤ በዚያች ቅጽበት ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሴንሰሩ ይህን ኦክስጅን ሲያገኝ «ሞተሩ ነዳጅ አንሶታል» ብሎ ለኮምፒዩተሩ ይነግራል፤ ኮምፒዩተሩም ያልጎደለውን ነዳጅ ይጨምራል። ውጤቱ የነዳጅ ሽታ፣ የጠቆረ ካንዴላና የሰነፈ ሞተር ነው። ቀዳዳው ከሹፌሩ እግር ሥር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከጉልበት ያልፋል፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጋቢናው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳ መኖሩ የተጠረጠረ መኪና ሞተሩን አስነስቶ በተዘጋ ቦታ ማቆም ፈጽሞ አይገባም። ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ በጭስ ማውጫው ጫፍ በኩል አየር እየተነፋ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ይረጫል፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ያፈሳል።

ሁለተኛው ማስረጃ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጡ የቤት መኪኖችና ፒካፖች ሁሉ ከመሪው በታች የስካነር መሰኪያ አላቸው። በዚያ ፊውል ትሪም የሚባለውን፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ከመነሻው ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን መቶኛ ማንበብ ይቻላል። ቁጥሩ ከዜሮ በላይም ሆነ በታች ከ10 በመቶ ሲያልፍ ያጠራጥራል። ቀዳዳ ሲኖር ወደ ላይ ይወጣል። በቪ ቅርጽ በተሠራ ሞተር አንደኛው ጎን ወደ ላይ፣ ሌላኛው ወደ ታች ጽንፍ ከሄደ ደግሞ መካኒኩ የሁለቱን ጎን ሴንሰሮች ገመድ አለዋውጦ ሰክቷቸዋል ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩ የግራውን ጎን ስሕተት በቀኝ እያረመ ሁለቱንም ያበላሻል። ለጥገናው ገመዶቹን ወደ ቦታቸው ከመመለስ ያለፈ ወጪ አያስፈልገውም፤ እኔ ግን በዚህ ስሕተት ምክንያት አዲስ ሴንሰሮች መግዛትን የመሰለ የሚያሳዝን ወጪ አላውቅም።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላም አለ። አዲሱ ቱቦ ሻንሲውን ወይም የሞተሩን አካል እየነካ ሲያንቀጠቅጥ፣ በሞተሩ ላይ የተገጠመው የማንኳኳት ሴንሰር ድምፁን ነዳጁ ያለጊዜው እንደፈነዳ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። ኮምፒዩተሩም ሞተሩን ለማዳን ሲል የእሳቱን ሰዓት ያዘገያል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ስካነሩ ላይ የእሳቱ ሰዓት ጭነት ሲበዛ ወደ ኋላ መሸሹ ይታያል። በተረፈ ቱቦው አጠገብ ያለፈ የካንዴላ ገመድ ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል እጅግ ሳይራቁ ዓይንን መጠቀም ያስፈልጋል።

ድክመቱ በከፍተኛ ዙር የሚብስ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። ማርሚታው ውስጥ ያለው ክፍልፋይ ተገንጥሎ፣ ባለ ሁለት ግድግዳው ቱቦ በውስጥ ተጨምድዶ ወይም ካታላይቲክ ኮንቨርተሩ ቀልጦ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ቀደም ሲል የገለጽነው ትርፍ ነዳጅ ያስከተለው ነው። ለዚህ ግምት አያስፈልግም። የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ተፈትቶ በቦታው የግፊት ጌጅ ይታሰራል፤ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር ከ1.5 ፒ.ኤስ.አይ.፣ በ2,500 ዙር ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ከታየ መንገዱ ጠቧል ማለት ነው። ኮንቨርተሩን አውጥቶ ባዶ ቱቦ መተካት ግን መፍትሔ አይደለም፤ የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ይከለክለዋል።

በቫክዩም ጌጅም መመርመር ይቻላል። በባሕር ጠለል ከፍታ ጤነኛ ሞተር ሥራ ፈትቶ ሲዞር ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። ዙሩን 2,500 ላይ ይዘው ሲቆዩ መርፌው ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ጭሱ እየታፈነ ነው። ንባቡ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል እንደሚቀንስ ልብ ማለት ይገባል። ከባሕር ዳር ከተማ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ዴንቨር የተዛወረ ሰው መርፌው አምስት ኢንች ወርዶ ቢያገኘው መኪናው ታሟል ማለት አይደለም፤ ቱርቦ የሌለው ሞተሩም በአየሩ መሳሳት ብቻ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል። ጭስ ማውጫውን በዚያው ሰሞን ካስቀየረ ጥፋቱ ሁሉ በቱቦው ላይ ይላከካል።

በናፍጣ የሚሠሩ ቱርቦ ያላቸው ከባድ መኪኖች ፍርዱን ይለውጡታል። ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ በሰፋ መጠን ቱርቦው ይመቸዋል፤ ሞገድ ማስተካከል እዚያ ብዙም ዋጋ የለውም። ከቱርቦው በፊት በማኒፎልዱ ላይ ያለ ቀዳዳ ግን ቱርቦውን የሚያዞረውን ኃይል ያስመልጣል። ምልክቱ ዘግይቶ የሚነሣ ጉልበት፣ ጥቁር ጭስና በመጋጠሚያው ዙሪያ የተለጠፈ ጥላሸት ነው። በአገር ቤት መንገዶች ላይ በብዛት በሚታዩት የአይሱዙ የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ቱቦው ሲቀየር የጭስ ማውጫ ፍሬኑን አለማየት የተለመደ ነው። ይህ ፍሬን ጭሱን አፍኖ መኪናውን የሚያዘገይ ቢራቢሮ መሰል ክዳን ሲሆን፣ በጥላሸት ከተያዘ በከፊል ተዘግቶ ይቀራል። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ዘንጉን በእጅ አንቀሳቅሶ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ክፍት ቦታው መመለሱን ማየት ይበቃል።